ባሩድን የሚመርጠው ቀለሁ ነው፦ «ለአጭር በርሜል ፈጣን ባሩድ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የጠመንጃ ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ይዘው ጥይታቸውን በእጃቸው ለሚሞሉ ሰዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ርእሱ «ለአጭር በርሜል ፈጣን ባሩድ» ይላል። የጸሐፊው ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ነዶ ለመጨረስ ረጅም በርሜል ይፈልጋል፤ በርሜሉ ሲያጥር ያልነደደው ባሩድ ከአፈሙዙ ውጭ እሳት ሆኖ ይባክናል፤ ስለዚህ ባለ ሽጉጡ የጠመንጃ ባሩዱን ትቶ ፈጥኖ የሚነደውን፣ ካስፈለገም ለተራ ሽጉጥ የተሠራውን ባሩድ ይጠቀም። ከዚህ ተነሥተው ሦስት ምክሮችን ያክላሉ። አጭር በርሜል ግፊትን ስለሚቀንስ በመመሪያ ከተጻፈው የባሩድ ልክ ትንሽ ማለፍ አይጎዳም ይላሉ። ለአንድ ባሩድ የተጻፈ ልክ በመንደድ ፍጥነት ሰንጠረዥ ላይ ጎረቤቱ ለሆነ ባሩድ ያገለግላል ይላሉ። ዘገምተኛውን ባሩድ መተው ያልፈለገ ሰው ደግሞ በርሜሉ ያጠረውን ያህል ልኩን ይቀንስ ይላሉ።

ጸሐፊው ሰውን ለመርዳት እንደጻፉ ከአነጋገራቸው ይታያል። መነሻ ሐሳባቸውም ላይ ላዩን ሲያዩት ልብ ይገዛል፤ እኔም ጥይት መሙላት በጀመርኩባቸው ዓመታት እንደዚሁ አምን ነበር። ነገር ግን መነሻው ስሕተት ነው፤ ከመነሻው የተወለዱት ሦስቱ ምክሮች ደግሞ ጣትና ዓይን የሚያሳጡ ናቸው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከመነሻው ልጀምር። «ዘገምተኛ ባሩድ ነዶ ለመጨረስ ረጅም በርሜል ይፈልጋል» የሚለው አባባል ባሩድን እንደ ክር ያየዋል፤ እሳቱ ባሩዱን ከያዘው የነሐስ ዕቃ፣ ከቀለሁ፣ ተነሥቶ በርሜሉን እየተከተለ እስከ አፈሙዙ የሚሄድ ይመስል። ጭስ አልባ ባሩድ እንዲህ አይነድም። እያንዳንዱ ቅንጣት ከላይ ወደ ውስጥ፣ ሽፋን በሽፋን ነው የሚነደው፤ የሚነድበትን ፍጥነት የሚወስነው ደግሞ ዙሪያውን የከበበው ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ የመጀመሪያውን ለጦር መሣሪያ የሚሆን ጭስ አልባ ባሩድ ሲሠራ ሥራው የቆመው በዚህ ግንዛቤ ላይ ነበር። ግፊት ሲጨምር መንደድ ይፈጥናል፤ መንደድ ሲፈጥን ግፊት ይጨምራል። ይህን እርስ በርስ መገፋፋት የሚያረግበው ወደፊት እየሸሸ ለጋዙ ቦታ የሚለቀው አረር ብቻ ነው።

አሁን ጊዜውንና ርቀቱን እንይ። በጠመንጃ ጥይት ውስጥ አረሩ ከቀለሁ ተነሥቶ አፈሙዙን እስኪለቅ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ግፊቱ ጫፍ የሚደርሰው ደግሞ አረሩ ገና ጥቂት ሴንቲሜትር ሲጓዝ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው። ለቀለሁ ተስማሚ ሆኖ የተመረጠ ባሩድ አብዛኛው ክፍሉ የሚነደው በዚህ የመጀመሪያ መንገድ ላይ፣ ግፊቱ ከፍ ባለበት ጊዜ ነው። ይህን ያህል መንገድ ደግሞ ባለ 10 ኢንች በርሜልም ሆነ ባለ 14 ኢንቹ ሞልቶት ይተርፈዋል።

«ታዲያ ከአፈሙዙ የሚወጣው እሳት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ ጸሐፊው፤ ለክርክራቸውም ዋናው ማስረጃ ይኸው እሳት ነው። እሳቱን አልክድም። በምሽት የተኮሰ ሰው ያውቀዋል፤ ዓይንን ያጨልማል። ነገር ግን አብዛኛው ያልነደደ ባሩድ አይደለም። ጭስ አልባ ባሩድ ሙሉ በሙሉ ለመንደድ የሚበቃ ኦክስጅን በውስጡ የለውም። ስለዚህ ቅንጣቱ አንድም ሳይቀር ነዶ ቢያልቅ እንኳ ከሚወጣው ጋዝ ብዙው ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ነው፤ ሁለቱም የሚነድዱ ጋዞች ናቸው። ይህ ግለት ያለው ጋዝ ከአፈሙዙ ወጥቶ ከአየር ጋር ሲገናኝ እንደገና ይቀጣጠላል። ትልቁ የእሳት ኳስ ይህ ነው። በርሜሉ ሲያጥር ጋዙ የሚወጣው ገና ብዙ ግፊትና ግለት ይዞ ስለሆነ ኳሱ ይተልቃል። የባሩድ አምራቾችም ይህን ስለሚያውቁ ሁለተኛውን መቀጣጠል የሚያፍኑ የፖታሲየም ጨዎችን በአንዳንድ ባሩዶች ላይ ይጨምራሉ። እሳቱ ያልነደደ ባሩድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ጨው ምን ያግዘው ነበር? እርግጥ ጥቂት ቅንጣቶች ሳይነድዱ የሚወጡበት ጊዜ አለ፤ በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይም ይገኛሉ። ነገር ግን እነዚያ ፍሬዎች የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ ስለ በርሜሉ አይደለም፤ ባሩዱ ለዚያ ቀለህ ከልክ በላይ ዘገምተኛ መሆኑን፣ ወይም ልኩ አንሶ ግፊቱ ባሩዱን በሚገባ ለማንደድ አለመብቃቱን ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ፤ በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ መነበብ ያለበት ይህ ነው። የባሩድ ምርጫ የሚጀምረው ከግፊት ጣሪያ ነው። የአሜሪካ የስፖርት ጠመንጃና ጥይት አምራቾች መለኪያ አውጪ የሆነው ሳሚ ለእያንዳንዱ ጥይት ከፍተኛ ግፊት ወስኗል፤ ለ.223 ሬሚንግተን 55,000፣ ለ.308 ዊንቸስተር 62,000፣ ለአሮጌው .30-30 ደግሞ 42,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። ፈጣን ባሩድ ወደዚህ ጣሪያ የሚደርሰው በጥቂት መጠን ነው። ጣሪያውን ነክቶ ነዶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ጋዝ የሚያመነጭ የለም፤ አረሩ በሸሸ ቁጥር ግፊቱ ይወድቃል። ዘገምተኛው ግን ያንኑ ጣሪያ ሳያልፍ ብዙ ባሩድ ያስገባል። ጫፉን ካለፈ በኋላም ጋዝ እየጨመረ ስለሚሄድ የግፊቱ ቁልቁለት ለዘብ ይላል። አረሩን የሚያፈጥነው የጫፉ ቁመት ብቻ አይደለም፤ ከቀለሁ እስከ አፈሙዙ ባለው መንገድ ሁሉ የተገፋው ግፊት ድምር ነው። በዚህ ድምር ዘገምተኛው ጫፉ ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይርቅ ይበልጣል። በረጅም በርሜል ከፍተኛውን ፍጥነት የሚሰጠው ባሩድ በአብዛኛው በአጭር በርሜልም ከፊተኞቹ አንዱ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። በርሜሉ ሲያጥር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል እንጂ ብዙውን ጊዜ ተራው አይገለበጥም።

ታዲያ ፈጣን ወይም ዘገምተኛ እንዲሆን የሚያስገድደው ምንድን ነው? የቀለሁ ሆድና የበርሜሉ ጉሮሮ ስፋት ነው። የ.308 ዊንቸስተር ቀለህ 3.6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት ደግሞ ግማሽ ካሬ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጋዙ የተቀመጠበት ቦታ በእጥፍ እንዲሰፋ አረሩ ስምንት ሴንቲሜትር ያህል መጓዝ አለበት። የተራ ሽጉጥ ጥይት በሆነው በ.44 ማግነም ግን ሆዱ ትንሽ፣ ጉሮሮው ሰፊ ስለሆነ ሦስት ሴንቲሜትር ሳይሞላ ቦታው እጥፍ ይሆናል። ቦታው ቶሎ የሚሰፋበት ጥይት ግፊቱ ከመውደቁ በፊት የሚደርስ ፈጣን ባሩድ ይፈልጋል፤ ሆዱ ሰፊ፣ ጉሮሮው ጠባብ የሆነው ደግሞ ታግሦ የሚነድ ይፈልጋል። የአረሩ ክብደትም አለ፤ ከባድ አረር ቀስ ብሎ ስለሚነሣ ወደ ዘገምተኛው ይጎትታል፣ ቀላል አረር ወደ ፈጣኑ። በዚህ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ የበርሜሉ ርዝመት አንድም ቦታ አልገባም። ባለ 24 ኢንች ጠመንጃም ሆነ ባለ 10 ኢንች ሽጉጥ የሚጎርሱት ያንኑ ቀለህ፣ የሚገፉትም ያንኑ አረር ነው።

ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን የሬሚንግተን ኤክስፒ-100 ሽጉጥ ለሐሳባቸው ምስክር አድርገው ይጠቅሳሉ። እኔም እርሱን ነው የምጠራው። ያ ባለ 10.5 ኢንች በርሜል ሽጉጥ ይዞት የመጣው ጥይት .221 ፋየርቦል ነበር፤ ከ.222 ሬሚንግተን ተቆርጦ ያጠረ ጥይት ነው። ልብ ይባል፤ አምራቾቹ ትልቁን ቀለህ እንዳለ ትተው በጥቂት የሽጉጥ ባሩድ አልሞሉትም። ሆዱን ነው ያሳነሱት። እ.ኤ.አ. በ1967 የቶምፕሰን ሴንተር ኮንቴንደር ሽጉጥ ከመጣ በኋላም የሽጉጥ እጀታ ሠሪው ስቲቭ ሄሬትና የጦር መሣሪያ ጸሐፊው ቦብ ሚሌክ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የ.30-30ን ቀለህ አሳጥረው .30 ሄሬትን ሠሩ። በርሜሉ ለቀለሁ አጠረብኝ የሚል ሰው መፍትሔው አነስ ያለ ቀለህ ነው። ቀለሁ ሲያንስ ተስማሚው ባሩድ በራሱ ጊዜ ወደ ፈጣኑ በኩል ይጠጋል፤ ያን ያደረገው ግን ቀለሁ ነው።

ወደ ምክሮቹ ልለፍ። «አጭር በርሜል ግፊትን ይቀንሳል» የሚለው ከሁሉም የከፋው ነው። የግፊቱ ጫፍ ከጥይት ማጉረሻው ፊት ባሉት ጥቂት ሴንቲሜትሮች ውስጥ ተፈጥሮ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በርሜሉ አሥር ኢንች ይቀጥል ሃያ ያ ጫፍ አያውቅም፤ አረሩ የበርሜሉን ጫፍ ሳያይ ጉዳዩ አልቋል። በርሜልን መቁረጥ የሚቀንሰው ፍጥነትን ነው፤ ግፊትን አይደለም።

ይህ ስሕተት በተግባር እንዴት እንደሚጎዳ ልንገራችሁ። ጀማሪው የባሩድ ልክ የሚዘረዝረውን መመሪያ ከፍቶ በ24 ኢንች በርሜል የተለካ ፍጥነት ያያል። የራሱን ሽጉጥ በፍጥነት መለኪያ ሲፈትሽ በብዙ ያነሰ ቁጥር ያገኛል። «ባሩዱ አንሷል» ይልና ይጨምራል። አልደረሰም፤ እንደገና ይጨምራል። በአንድ ኢንች እጥረት ከ8 እስከ 15 ሜትር በሰከንድ ማጣት የተለመደ ነው፤ በጣም ባጠሩት በርሜሎች ላይ ኪሳራው ከዚያም ይብሳል። ያ ፍጥነት የሄደው ከበርሜሉ ጋር ነው፤ በባሩድ ተገዝቶ አይመለስም። ሰውየው ፍጥነቱ ላይ ከመድረሱ በፊት የግፊቱን ጣሪያ ካለፈ ቆይቷል። እኔ ራሴ ባንድ ወቅት ይህን መንገድ ጀምሬው ነበር፤ ያቆመኝ መዝጊያው አልከፈት ብሎ ከቀለሁ ቂጥ ላይ ያየሁት የነሐስ መፋቅ ነው። ያን ምልክት ሲያዩ ደግሞ ጣሪያው ቀድሞ ታልፏል።

በዚህ ላይ ሽጉጡም የራሱ ጣሪያ አለው። የመጀመሪያው ኮንቴንደር ለ.308 ያልተዘጋጀው በአጋጣሚ አይደለም፤ አካሉ ለዚያ ግፊት ስላልተሠራ ነው። ኩባንያው .308ን ያቀረበው ጠንካራ አካል ባለው ኢንኮር በተባለው ሞዴል ነው። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው «ትንሽ ማለፍ አይጎዳም» የሚለውን ቢያነብ ምን እንደሚሆን ጸሐፊው ቢያስቡበት እወዳለሁ።

የሽጉጥ ባሩድን በጠመንጃ ቀለህ ስለ መሙላት የተጻፈውም እንዲሁ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ፈጽሞ አይደረግም አልልም። በእርሳስ ለተቀረጹ አረሮችና ለቀላል ልምምድ የተዘጋጁ፣ በመመሪያ የታተሙ ልኮች አሉ፤ እነርሱን እንዳሉ የሚከተል ሰው አይሳሳትም። ጸሐፊው የሚሉት ግን ይህን አይደለም፤ ሙሉ ኃይል ላለው ጥይት ነው። እንዲህ ያለው ባሩድ ጣሪያውን የሚነካው የቀለሁን ሆድ ጥቂት ክፍል ብቻ ሞልቶ ነው። ሁለት ጊዜ ቢፈስስ እንኳ ዓይን አይለየውም፤ ቀለሁ አሁንም ባዶ ይመስላል። ባሩዱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በመተኛቱ ብቻ ግፊቱ ከጥይት ጥይት ይለዋወጣል። በደህናው ልክና በአደጋው መካከል ያለው ርቀትም በጣም ጠባብ ነው። የቀለሁን አብዛኛውን ሆድ የሚሞላ ባሩድ ግን ሁለት ጊዜ ሲፈስስ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ስሕተቱን ራሱ ያሳያል። ይህ ብቻውን ለእኔ በቂ የምርጫ ምክንያት ነው።

ሰንጠረዡን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የመንደድ ፍጥነት ሰንጠረዥ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ካለው ጋር እኩል ነው የሚል የለም፤ የተለያዩ አዘጋጆች ያወጧቸው ሰንጠረዦችም እርስ በርስ አይስማሙም። ቀለሁና ግፊቱ ሲለወጥ ሁለት ባሩዶች ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ስምም ያታልላል። ኤች 4831 እና አይኤምአር 4831 አንድ ቁጥር ይዘው ሁለት የተለያዩ ባሩዶች ናቸው፤ የአንዱን ልክ ለሌላው መጠቀም አይቻልም። በተቃራኒው ኤች 110 እና ደብሊው 296 ሁለት ስም ያለው አንድ ባሩድ ናቸው። ከሰንጠረዡ ጎረቤት ልክ የሚዋስ ሰው የትኛው ዓይነት ጎረቤት እንደገጠመው በምን ያውቃል? ልክ የሚወሰደው ለዚያው ባሩድ፣ ለዚያው ቀለህና ለዚያው የአረር ክብደት ከታተመ መመሪያ ነው፤ ከታችኛው ተጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። ለረጃጅም ነጠላ ተኳሽ ሽጉጦች የተለየ ክፍል ያላቸው መመሪያዎችም አሉ፤ በ10፣ በ14 እና በ15 ኢንች በርሜሎች የተለኩ ፍጥነቶችን ይሰጣሉ። ባለ ሽጉጡ እነርሱን ይዞ ቢነሣ ያ የፍጥነት ፍለጋ ፈተናም አይገጥመውም።

«በርሜሉ ያጠረውን ያህል ልኩን ይቀንስ» የሚለው ምክር ጥንቃቄ ይመስላል፤ ለዚያ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። መቀነስ ሁሉ ደኅንነት አይደለም። ዘገምተኛ ባሩድ በሚገባ እንዲነድ ግፊት ያስፈልገዋል፤ ልኩ ሲያንስ ግፊቱ ያንሳል፣ መንደዱም ይንቀራፈፋል። የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ባሩዱን የሚለኩሰው ፕራይመር ፈንድቶ ባሩዱ ዘግይቶ ይቀጣጠላል፤ ይባስ ብሎ አረሩ በርሜሉ መካከል ተቀርቅሮ ይቀራል። ተኳሹ ሳያውቅ ሁለተኛውን ሲተኩስ በርሜሉ ይፈነዳል። ኤች 110ን የሚሸጠው ሆጅደን ከታተመው ልክ ከ3 በመቶ በላይ እንዳይቀነስ ያስጠነቅቃል። ያው ኩባንያ ለኤች 4895 ደግሞ ከከፍተኛው ልክ እስከ 60 በመቶ ድረስ መውረድ እንደሚቻል ይገልጻል። አንዱ ከ3 በመቶ በላይ አያስነካም፣ ሌላው 40 በመቶ ይታገሣል፤ ይህን የሚወስነው የባሩዱ ጠባይ እንጂ የበርሜሉ ርዝመት አይደለም። ባለ 24 ኢንቹን በ10 ኢንች አካፍሎ በዚያ መጠን ባሩድ መቀነስ የትኛውም አምራች የማይለው ነገር ነው።

ጸሐፊው እውነት የያዙበት ቦታም አለ፤ አላልፈውም። ድምፁ፣ እሳቱና ወደ ኋላ የሚመታው ኃይል በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ላይ ከባድ ጉዳይ ነው። ከአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝ በሰከንድ 1,200 ሜትር ያህል ይፈተለካል፤ ስለዚህ የባሩዱ ክብደት ራሱ ሽጉጡን ይገፋል። በምሳሌ ላስላው፤ 9.7 ግራም አረር በሰከንድ 650 ሜትር ሲወጣ፣ ከኋላው ያለው ባሩድ ደግሞ 3 ግራም ሲሆን፣ ሽጉጡን ወደ ኋላ ከሚገፋው ጠቅላላ ግፊያ አንድ ሦስተኛው ያህል የሚመጣው ከጋዙ ነው። ባሩዱ ወደ 2.5 ግራም ቢወርድና ፍጥነቱ ባይለወጥ ግፊያው በ6 በመቶ፣ የምቱ ጉልበት ደግሞ በ12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እጅ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ፍጥነቱ ግን በእርግጥ ባለበት አይቆይም፤ ጥቂት ይወርዳል።

ስለዚህ እኔ የማደርገው ይህን ነው። ለቀለሁና ለአረሩ መመሪያው የሚዘረዝራቸውን ባሩዶች አያለሁ። ከነዚያ መካከል ቀለሁን በደንብ የሚሞሉትን እለያለሁ። ከዚያ ነው የበርሜሉን እጥረት የማስበው፤ ከተዘረዘሩት ውስጥ ወደ ፈጣኑ በኩል ያለውን፣ ትንሽ ፍጥነት ቢያጎድልም በአነስተኛ መጠን የሚሠራውን፣ በታተመው ልኩ እሞክራለሁ። ለ.223 ከሆነ ለምሳሌ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የማገኘው አይኤምአር 4198 ዓይነቱን ነው። የተራ ሽጉጥ ባሩድ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ እኔም አላስገባውም። ኳስ መሰል ቅንጣት ያለው ባሩድ ከመረጥኩ ደግሞ መመሪያው የትኛውን ፕራይመር እንዳዘዘ አያለሁ፤ እንዲህ ያለው ባሩድ ብዙውን ጊዜ ለመቀጣጠል ይከብዳልና።

ከባሩዱ ይልቅ ጸሐፊው ያልነኩት አንድ ነገር የሽጉጥ ተኳሹን ይጠቅመው ነበር፤ አረሩ። ለጠመንጃ ፍጥነት የተሠራ የአደን አረር ከአጭር በርሜል ሲወጣ በዝግታው ምክንያት ላይከፈት፣ ማለትም አካል ሲመታ ጫፉ ላይሰፋ ይችላል፤ እንስሳውን ቀድዶ ያልፍና አቁስሎ ይተወዋል። በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲከፈት የተሠራ አረር መምረጥ ከየትኛውም የባሩድ ለውጥ የበለጠ ውጤት አለው። ባሩድ ለውጦ የጥቂት ሜትር ፍጥነት የሚፈልግ ሰው የአረሩን ምርጫ ሳያስተካክል ወደ አደን መውጣት የለበትም።

ጸሐፊውን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመነሻው ሐሳብ ላይ ባንስማማ እንኳ ክርክሩ ይቀጥል፤ የፍጥነት መለኪያ ያለው ሁሉ ሁለት የታተሙ ልኮችን በአንድ ሽጉጥ ፈትሾ መፍረድ ይችላል። ልኩን ስለ ማለፍና በበርሜሉ እጥረት መጠን ስለ መቀነስ የጻፏቸውን ሁለት አንቀጾች ግን ዛሬውኑ ያንሡልን።